ያገለገለ የቤተሰብ መኪና በኢትዮጵያ፦ ዋጋው ከምን ይመጣል፣ ምርጫው በምን ይመዘናል?

በአብዛኛው ዓለም መኪና ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። በኢትዮጵያ ግን አንድ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ዓመታት ካገለገለ በኋላ መጀመሪያ ከተገዛበት ብር በላይ መሸጡ የተለመደ ነው። ልጆች የተወለዱለት፣ አያት ወይም የዘመድ ልጅ አብሮት የሚኖር ቤተሰብ ሰፋ ያለ መኪና ሲፈልግ የሚገባው ወደዚህ ገበያ ነው። በገበያው ዋጋን በዋናነት የሚወስኑት የታክስ ሕግ፣ የውጭ ምንዛሪና የማስመጣት ክልከላ ናቸው። የመኪናው ጤንነት የሚቆጠረው ከእነዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ውድ የሆነው ሁሉ ደህና፣ ርካሽ የሆነው ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ዋጋና ጥራት ለየብቻ መመርመር አለባቸው።

ታክስ የቀረጸው ገበያ

ለረጅም ጊዜ ወደ አገር በሚገባ መኪና ላይ አራት ዋና ዋና ክፍያዎች ይደራረቡ ነበር፤ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ ታክስ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ። የሚሰሉትም በመነሻ ዋጋው ላይ ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ ነበር። ከእነዚህ መካከል መኪናን ከመኪና የሚለየው ኤክሳይዝ ታክስ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 307/1995 ሥርዓት ሞተሩ እስከ 1,300 ሲሲ የሆነ መኪና 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ የሆነ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ የሆነ 100 በመቶ ይከፍል ነበር።

ልዩነቱ በስሌት ጎልቶ ይታያል። ወደብ ሲደርስ 100,000 ብር የተገመተ መኪና 35 በመቶ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ በየደረጃው ሲጨመርበት፣ በትንሹ የኤክሳይዝ እርከን 222,000 ብር ገደማ ይደርሳል። በመካከለኛው እርከን 273,000፣ በከፍተኛው ደግሞ ከ341,000 ብር በላይ ይሆናል። የሞተሩ መጠን ብቻ ተለውጦ በአንድ ዓይነት መነሻ ዋጋ ላይ የ119,000 ብር ልዩነት ይመጣል ማለት ነው።

ይህ ስሌት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሚታዩትን መኪኖች መጠን ወሰነ። ባለ 1 ሊትር ሞተሯ ቪትዝ፣ ባለ 1.3 ሊትሮቹ ያሪስና ኮሮላ የገዢው ሁሉ ምርጫ የሆኑት ነዳጅ ስለሚቆጥቡ ብቻ አይደለም፤ በዝቅተኛው የታክስ እርከን ላይ ስለሚያርፉም ጭምር ነው። አስመጪው ለእርከኑ የሚስማማውን መኪና አመጣ፣ መካኒኩ እሱኑ ለመደ፣ የመለዋወጫ ነጋዴውም የእሱኑ ዕቃ አከማቸ። ሰፊ የቤተሰብ መኪና በአንጻሩ በቁጥር ጥቂት፣ በዋጋ ከባድ ሆኖ ቆየ።

ከ2012 ወዲህ የመጡ ለውጦች

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመኪናን ዕድሜ የታክስ መለኪያ አደረገ። አነስተኛ ሞተር ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ የሚጣለው ታክስ ሲቀንስ፣ ያገለገለ መኪና ግን ባረጀ ቁጥር ታክሱ እየጨመረ ሄደ። ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ የተጣለው ታክስ ከመኪናው ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ በመሆኑ እነሱን ማስመጣት ትርፉ ኪሳራ ሆነ። የአዋጁ ዓላማ የአየር ብክለትንና የአደጋን መጠን መቀነስ ነበር። በገበያው ላይ ያስከተለው ውጤት ግን አስቀድመው የገቡት አሮጌ መኪኖች በአንድ ጊዜ ተፈላጊ መሆናቸው ነው።

በጥቅምት 2015 መንግሥት በውጭ ምንዛሪ እጥረት ምክንያት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ምንዛሪ እንዳይገቡ ሲያግድ የቤት መኪናም ከዝርዝሩ ውስጥ ገባ። በጥር 2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨመረ።

የእነዚህ ውሳኔዎች ድምር በአገር ውስጥ ያለውን የነዳጅ መኪና አዲስ ምንጭ የደረቀበት ክምችት አደረገው። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ይጠገናል፣ ቀለም ይቀባል፣ እንደገና ይሸጣል። ደላላም ኮሚሽኑ የሚታሰበው ከመሸጫው ዋጋ በመቶኛ ስለሆነ ዋጋው መውጣቱን እንጂ መውረዱን የሚፈልግበት ምክንያት የለውም።

የቤተሰቡ ፍላጎት

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዘወትር የሚጓዘው ሰው ብዛት ነው። ሊብሬ መኪናው እንዲጭን የተፈቀደለትን የሰው ቁጥር ይገልጻል። አምስት ሰው የሚል ሊብሬ ያላት ቪትዝ ግን ከኋላ ሦስት ጎልማሶችን በምቾት አትይዝም። ሁለት የሕፃን መቀመጫ ከታሰረባት መካከሉ ላይ ለአያት የሚተርፍ ቦታ የለም። ስለዚህ የኋላው ወንበር ስፋት፣ የበሩ አከፋፈት፣ በሦስቱም የኋላ መቀመጫዎች ላይ ባለ ሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶ መኖሩና የሕፃን መቀመጫ የሚታሰርበት የብረት ማያያዣ መገጠሙ በዓይን መታየት አለባቸው። ሕፃን ከፊት መቀመጥ የለበትም፤ በተለይ ጀርባውን ወደ ፊት የሰጠ የሕፃን መቀመጫ ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ማሰር ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ስድስትና ከዚያ በላይ ለሆነ ቤተሰብ ሦስት ረድፍ ወንበር ያላቸው እንደ ቶዮታ አቫንዛና ሱዙኪ ኤርቲጋ ያሉ መኪኖች አሉ። በእነዚህ ላይ ሦስተኛው ረድፍ ሲሞላ የዕቃው ቦታ እጅግ ይጠብባል። ለበዓል ክፍለ አገር የሚሄድ ቤተሰብ ሰውንም ሻንጣንም አንድ ላይ አስቦ መለካት ይኖርበታል።

ሁለተኛው መለኪያ የመሬቱ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በከተማዋ ከፍታ ላይ የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ባለ 1 ሊትር ሞተር ለሁለት ሰው የከተማ ጉዞ ቢበቃም፣ አምስት ሰው ጭኖ ረጅም ዳገት ሲወጣ ወይም በጠባብ አስፋልት ላይ ሲኖትራክ ለመቅደም ሲሞክር አቅም ያጥረዋል። ሁልጊዜ ተጭኖ የሚጨነቅ ትንሽ ሞተር ነዳጅ መቆጠቡን ያጣል፤ ቶሎም ያልቃል። ለቤተሰብ ከ1.3 እስከ 1.6 ሊትር ያለው መጠን ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በመጀመሩ ከዚያ በላይ የሆነ ሞተር የሚያስከትለው ወጪ በየወሩ ይሰማል።

ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። ለተለመዱት የቶዮታ ሞዴሎች በመርካቶ ሶማሌ ተራ አዲስም ያገለገለም ዕቃ ይገኛል፤ በክልል ከተሞችም የሚያውቃቸው መካኒክ አይጠፋም። በቁጥር ጥቂት የሆነ የአውሮፓ መኪና ሲገዛ ርካሽ ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ አንድ ዕቃ ሲሰበር ግን ከውጭ እስኪመጣ ጋራዥ ቆሞ ሊከርም ይችላል። ልጆችን ለሚያመላልስ ቤተሰብ የቆመ መኪና የሌለ ያህል ነው።

ምርመራው

በአሮጌ መኪና ላይ ዕድሜን ወይም ዳሽቦርዱ የሚያሳየውን ኪሎ ሜትር ብቻ ማመን አይቻልም፤ ኪሎ ሜትር ይመለሳል። የፍሬንና የነዳጅ ፔዳል መበላት፣ የመሪው ቆዳ መላላጥና የሾፌሩ ወንበር መጎድጎድ ከቁጥሩ የተሻለ ይናገራሉ። ግጭትን ለማወቅ በበሮችና በኮፈኑ መካከል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑ፣ የቀለሙ መልክ በፀሐይ ብርሃን አለመለያየቱና የኮፈኑ ቡሎኖች በመፍቻ አለመነካታቸው ይታያል። ቀለም መቀባቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ዋናው ጥያቄ ሻንሲው መጣመም አለመጣመሙ ነው።

ሞተሩ መመርመር ያለበት ቀዝቅዞ እያለ ነው። ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ ያቆየው ሞተር የመነሳት ችግሩን ይደብቃል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ የራዲያተር ውኃ መጉደልና በዘይት መክደኛው ሥር ወተት የመሰለ አረፋ መታየት የቴስታታ ጋስኬት መበላሸትን ያመለክታሉ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ሲቀይር መርገጥ ወይም መዘግየት የለበትም፤ ጥገናው ከሞተር ጥገና የሚያንስ ወጪ የለውም። በኮረኮንች መንገድ ላይ መንዳት የእግሩንና የአሞርዛተሩን ድምፅ ያወጣል።

መሪው የተቀየረ መኪና ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጃፓን በግራ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ይነዳሉ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲነዳ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ መዞር አለበት። ሥራው በጥንቃቄ ካልተከናወነ የመሪው ዘንግ፣ የፍሬኑ ማስተላለፊያና የኤሌክትሪክ ሽቦው ውሎ አድሮ ችግር ይፈጥራሉ። የዝናብ መጥረጊያዎቹ አቅጣጫ ለቀኝ ሾፌር እንደተሠራ መቅረቱና ዳሽቦርዱ በደንብ አለመግጠሙ የሥራው ዱካዎች ናቸው።

ሰነዱ

መኪናው ጤነኛ ቢሆንም ሰነዱ ሊታመም ይችላል። በሊብሬው ላይ ያሉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናው አካል ላይ ከታተሙት ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ለውጡ በሕጋዊ መንገድ መመዝገቡ ይጣራል። ፋይሉ ባለበት የመንጃ ፈቃድና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩ ይጠየቃል።

ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ሌላው አደጋ ነው። ለመልካም ሥራ፣ ለኢንቨስትመንት ወይም ከውጭ ተጠቅልሎ ለገባ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በተሰጠ መብት የገባ መኪና ይህ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ያልተከፈለው ቀረጥና ታክስ ይጠየቅበታል። ሽያጩ በውክልና ብቻ ሲሆን ደግሞ ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ወይም ሊሞት ስለሚችል ገዢው ያለ ባለቤትነት ይቀራል። ውሉን ሰነድ አረጋጋጭ ፊት መፈራረምና ስሙን ወዲያው ማዛወር አስተማማኙ መንገድ ነው። ዓመታዊው ምርመራና ቦሎ መታደሱ፣ በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩም ይታያል። ይህ መድን በሌላ ሰው ላይ የሚደርስን ጉዳት እንጂ የራስን መኪና እንደማይሸፍን ቤተሰቡ ሊያውቅ ይገባል።

የኤሌክትሪክ አማራጭ

በ2014 ዓ.ም. ተገጣጥመው ያለቁ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ ተወሰነ። የሲሲ እርከን ስለማይመለከታቸው ሰፊ መኪና የሚያስከትለው የታክስ ቅጣት ተነሳ። ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው የቮልስዋገን አይዲ 6 በአዲስ አበባ ሊታይ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ከፍታም የኤሌክትሪክ ሞተርን ጉልበት አይቀንስም።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ዋናው ጥያቄ የባትሪው ጤንነት ነው። ባትሪው ከአዲስነቱ አቅም ስንት በመቶ እንደቀረው በመመርመሪያ መሣሪያ መነበብ አለበት፤ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነውና። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የፋብሪካ ዋስትና ኢትዮጵያ ውስጥ መሥራቱን በጽሑፍ ማረጋገጥም ያስፈልጋል። የራሱ ግቢና ቆጣሪ ያለው ቤተሰብ ማታ ቻርጅ አድርጎ ያድራል። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ወይም በሚበዛ የመብራት መቆራረጥ የሚቸገር ግን ቻርጅ የሚያደርግበትን ቦታ ከመኪናው በፊት ማግኘት አለበት።

ብዙ ቤተሰብ መኪናን እንደ ቁጠባ ስለሚያይ፣ ስድስት ሆኖ ሳለ ነገ በቀላሉ የሚሸጠውን ትንሽ መኪና ይገዛል። ይህ ልማድ የቆመው እጥረቱ ይቀጥላል በሚል ግምት ላይ ነው። እጥረቱን የፈጠሩት በአዋጅና በመመሪያ የተወሰኑ ውሳኔዎች በመሆናቸው በሌላ አዋጅና መመሪያ ሊለወጡ ይችላሉ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች መብዛትም የነዳጅ መኪናን የነገ ዋጋ በየትኛውም አቅጣጫ ሊወስደው ይችላል። ቤተሰቡ ራሱ ሊያረጋግጣቸው የሚችላቸው የወንበሩ ብዛት፣ የሞተሩ አቅም፣ የመለዋወጫው መገኘትና የሰነዱ ንጽሕና በመሆናቸው የምርጫው ክብደት መውደቅ ያለበት በእነዚህ ላይ ነው።