ገንፎና ቅቤ ክብደት ሲያጡ

በደቡብ ወሎ በስተ ምዕራብ፣ በቦረና ደጋ ላይ ባለችው በመካነ ሰላም አራስ ልጠይቅ ገብቼ ነበር። በዚያ ብርድ የገብስ ገንፎ ሲቀርብ እንግዳ ለማኝ አያስፈልገውም። የአራሷ እናት ገንፎውን በገበቴ ከምረው፣ መካከሉን ጎድጎድ አድርገው፣ የቀለጠ ቅቤ በበርበሬ አፈሰሱበት። «ብላ እንጂ ልጄ፣ ቅቤው ሳይረጋ» ሲሉኝ፣ እኔ (የተማሪነት አመል አልለቀቀኝም) ቅቤውን ከጉድጓዱ ያቆየው ምን ይሆን እል ነበር።

ያቆየው ክብደቱ ነው። የፈሳሽን ገጽ እንደ ተወጠረ ስስ ቆዳ የሚሰበስብ፣ የገጽ ውጥረት የሚሉት ሌላ ኀይልም አለ። ይህ ግን በምድር ላይ የሚሠለጥነው ጥቂት ሚሊ ሜትር በሚያህል ነገር ላይ ነው፤ ጤዛ ድብልብል፣ ኩሬ ግን ጠፍጣፋ የሆነው ስለዚሁ ነው።

አሁን ገበቴውን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ምድርን ወደሚዞረው የጠፈር ጣቢያ እንውሰደው። በዚያ ስበት የለም የሚሉ ይሳሳታሉ፤ ከዐሥር እጅ ዘጠኝ እጅ ያህሉ አለ። ነገር ግን ጣቢያውም በውስጡ ያለውም አብረው ሳያቋርጡ ስለሚወድቁ ክብደት አይሰማም። ያን ጊዜ ቅቤው ገንፎውን እያረጠበ በጉድጓዱ ግድግዳ ተስቦ ይወጣል። ገንፎው ግን ግትር ነው፤ ጥንካሬው ከገጹ ውጥረት ስለሚበልጥ የማማሰያውን ምልክት እንደ ያዘ ይቀራል። ማር ቢሆን ቀስ እያለ በተድቦለቦለ ነበር።

መብላቱስ? በማንኪያ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1973 የስካይላብ ጠፈርተኞች ከተከፈተ ዕቃ በማንኪያ በልተዋል፤ እርጥብ ምግብ ማንኪያውን ሙጥኝ ይላልና። በ2008 ደግሞ ዶናልድ ፔቲት ከላስቲክ ገጽ አጥፎ ባለ ሹል ማዕዘን ሲኒ ሠራ፤ ቡናው በማዕዘኑ ተስቦ ከከንፈሩ ደረሰ። ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። በጠፈር የነዳጅ ታንክ ውስጥ ነዳጁ ከመውጫው ቢሸሽ ሞተሩ ጋዝ ይስባል፤ ስለዚህ በብዙ ታንኮች ውስጥ ነዳጁን በገጽ ውጥረት ወደ መውጫው የሚሰበስቡ ስስ የብረት ክንፎች ይገባሉ።

ጠፈር ሳይወጡም ማየት ይቻላል። የቤልጅጉ ዮሴፍ ፕላቶ በ1840ዎቹ ዓመታት ዘይትን በውሃና በአልኮል ድብልቅ ውስጥ አንሳፍፎ ክብደቱን አስረሳው። እኔም ከመድኃኒት ቤት አልኮል ገዝቼ፣ ከእሳት ርቄ፣ የኑግ ዘይት ጨመርሁበት። ዘይቱ ሰጠመ። ውሃ ጠብ ጠብ ባደረግሁ ቍጥር ከፍ እያለ መጣ፤ በመጨረሻም እንደ ብርቱካን ተድቦልቡሎ ከብርጭቆው መካከል ቆመ።