የፒክአፕ መኪናን የፊት አካል በመጠኑ ከፍ ማድረግ፤ ጥቅሙና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በድርቅ ለተጎዳ ሕዝብ የተመደበ እህል ወደብ ስለደረሰ ወይም በመጋዘን ስለተከማቸ ብቻ ሕይወት አያድንም። ሕይወት የሚያድነው ችግረኛው ካለበት ቀበሌ ሲደርስ ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ከባድ ድርቅ ጊዜ መኪና ሊገባባቸው ባልቻለ አንዳንድ ደጋማ ቦታዎች እህል ከአውሮፕላን እስከ መጣል ተደርሶ እንደነበር ይታወሳል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ሰፋሪዎች ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ወለጋ በተወሰዱበትም ጊዜ መንገድና ሌላ አገልግሎት ሳይሟላ ሰው ቀድሞ በመድረሱ ብዙዎች ለበሽታና ለእንግልት ተዳርገዋል። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት፣ የእርዳታ ሥራ የሚፈተነው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ መሆኑን ነው።

ትልቁ የጭነት መኪና ከሚቆምበት ቦታ አንሥቶ እስከ ማደያው ጣቢያ ድረስ ያለው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፈነው 10 ኩንታል ገደማ በሚጭን ባለሁለት ዲፈረንሲያል ፒክአፕ ነው። በዚህ ረገድ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ በሀገራችን በሰፊው ይሠራበታል። እንዲህ ባለው መኪና የሚገለገሉ ሠራተኞች በየጊዜው ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ የመኪናው የፊት አካል በመጠኑ ከፍ እንዲደረግላቸው የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆኖም ከፍታው ምን እንደሚሰጥና በምትኩ ምን እንደሚወስድ ሳይታወቅ የሚፈጸም ከሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል።

የፊት አካል ዝቅ የሚልበት ምክንያት

አንድ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ የፊት ሞላው ወይም ባሌስትራው የተመጠነው ሞተሩን፣ ጋቢናውንና በውስጡ የሚቀመጡትን ሰዎች እንዲሸከም ነው። ለመስክ ሥራ ሲዘጋጅ ግን ከፊቱ ወፍራም የብረት መከላከያ፣ ከጭቃ ለመውጣት የሚያገለግል ዊንች፣ አልፎ አልፎም ለመገናኛ ሬዲዮ ሁለተኛ ባትሪ ይጨመርበታል። የብረት መከላከያውና ዊንቹ ብቻ ተደምረው 100 ኪሎ ግራም ገደማ ሊመዝኑ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ክብደት ከፊት አክስል በላይና ወደፊት የሚያርፍ በመሆኑ የመኪናውን አፍንጫ ወደ መሬት ያወርደዋል። ከዚህም ሌላ ለብዙ ዓመት በኮረኮንች መንገድ ያገለገለ ሞላ እየደከመ ይሄዳል፤ ባሌስትራም ጉብጠቱን እያጣ ይዘረጋል።

የፊት አካሉ ዝቅ ያለ መኪና ጉድጓድ ሲገባ አክስሉ ከግጭት መግቻው ላስቲክ ጋር ቶሎ ቶሎ ይጋጫል። ወንዝ ወርዶ ሲወጣም ከጎማው ቀድሞ መከላከያው ገደሉን ይነካል። በዚህ ጊዜ የሚደረገው መጠነኛ ማሳደግ መኪናውን ከቀድሞ ቁመቱ የሚመልስ ጥገና ነው ሊባል ይችላል።

ከፍታው የሚሰጠውና የማይሰጠው

በዚህ ጉዳይ ላይ ዘወትር የሚያጋጥም አንድ ስሕተት አለ። ሞላው ወይም ባሌስትራው ከፍ ሲል የሚነሣው ከእርሱ በላይ ያለው ሻንሲና አካል ብቻ ነው። እንደ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ግራና ቀኙን ጎማ በአንድ ወጥ አክስል በሚያያይዝ መኪና ላይ የዲፈረንሲያሉ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት በአንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ አይጨምርም። ይህን ርቀት የሚወስነው የጎማው ቁመት ነው፤ ቁመቱ በ5 ሣ.ሜ. የሚበልጥ ጎማ ቢገጠም አክስሉ በ2.5 ሣ.ሜ. ከፍ ይላል። ስለሆነም መሐሉ ላይ ድንጋይ ወይም ጥልቅ የጎማ ቦይ ባለበት መንገድ ዲፈረንሲያሉ የተመታበት ነጂ ሞላ በማስቀየር መፍትሔ አያገኝም።

በአንጻሩ መጠነኛ ከፍታ ለአክስሉ የመንቀሳቀሻ ክፍተት ይጨምራል፤ አፋፍ ሲወጣ መከላከያው እንዳይነካ ይረዳል፤ በክብደት ያዘነበለውንም አካል ያቃናል። ለዚህ ዓላማ ከ2.5 እስከ 5 ሣ.ሜ. የሚደርስ ከፍታ በቂ ነው።

የአሠራሩ ዓይነቶች

እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት የተሠሩት የላንድ ክሩዘር ፒክአፖች ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ ያረፉ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የወጡት የ79 ተከታታይ መኪናዎች ግን የፊታቸው በሞላ፣ የኋላቸው በባሌስትራ የተሠራ ነው። የሥራው ዘዴም እንደዚሁ ይለያያል።

ባሌስትራ ባለው መኪና ላይ ተመራጩ መንገድ ትክክለኛ ጉብጠት ያለውን አዲስ ባሌስትራ መግጠም ነው። አንድ ዝርግ ብረት መጨመርም ይቻላል፤ ነገር ግን መኪናው ይበልጥ ይደርቃል። አንዳንድ ጋራዦች የባሌስትራውን ማንጠልጠያ በማስረዘም ከፍታ ለማግኘት ይሞክራሉ። ማንጠልጠያው በ4 ሣ.ሜ. ቢረዝም ሻንሲው የሚነሣው በ2 ሣ.ሜ. ያህል ብቻ ሲሆን፣ ማንጠልጠያው ከባሌስትራው የፊት ጫፍ ላይ በሚገኝበት መኪና አክስሉ ወደፊት እንዲያዘነብል ያደርጋል። የዚህ ጉዳት ከዚህ በታች ተገልጿል።

ሞላ ባለው መኪና ላይ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው ከሞላው ራስ ላይ ወፍራም ቀለበት መጨመር ነው። ይህ ርካሽ ቢሆንም የደከመውን ሞላ አያበረታም፤ ቁመት እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ሁለተኛው በፊት አካሉ ላይ በቋሚነት ለተጨመረው ክብደት የተመጠነ አዲስ ሞላ መግጠም ነው። መከላከያና ዊንች ለተገጠመለት የእርዳታ መኪና የሚበጀው ይኸኛው ነው።

አብረው መስተካከል የሚገባቸው ክፍሎች

የፊት ጎማዎች ዞረው በራሳቸው ወደ ቀጥታ እንዲመለሱ የሚያደርጋቸው፣ የሚዞሩበት ዘንግ ከላይ ወደ ኋላ በጥቂቱ ዘንበል ብሎ መሠራቱ ነው። ይህ ዘንበልታ ካስተር ይባላል። በሞላ በሚሠራው ላንድ ክሩዘር የፊት አክስሉ ከሻንሲው ጋር የተያያዘው ከኋላው በሚመጡ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ነው። ሻንሲው ሲነሣ ክንዶቹ ያዘቀዝቃሉ፤ አክስሉም አብሮ ወደፊት ይዞራል። ለምሳሌ ክንዱ 90 ሣ.ሜ. ቢረዝምና ሻንሲው በ5 ሣ.ሜ. ቢነሣ፣ ወደ 3 ዲግሪ የሚጠጋ ካስተር ይጠፋል። ውጤቱ ነጂው በአስፋልት ላይ መሪውን በጨበጠበት መኪናው ወዲያና ወዲህ መቅበዝበዙ ነው። ይህን ለማረም መሐላቸው ከማዕከል ፈቀቅ ብሎ የተሠራ ልዩ ጎሚኒ በክንዶቹ ላይ ይገጠማል።

እንደዚሁም አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያያይዘው ዘንግ ሻንሲው ሲነሣ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ስለሚስበው፣ ርዝመቱ መስተካከል ይኖርበታል። ሾክ አብዞርበሩ አጭር ከሆነ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ቁጥር ተወጥሮ ይበጠሳል። የፍሬን ቱቦው ጎማው እስከ መጨረሻው ወርዶ መሪው ወደ ሁለቱም ጎን ሲዞር እንዳይወጠር መረጋገጥ አለበት። ወደ ፊት አክስል ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ማዕዘኑ ስለሚለወጥ ክሮቼራውም መታየት ይገባዋል። በመጨረሻም የጎማ አላይመንት ይሠራል።

የፊት መብራትም መዘንጋት የለበትም። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 3 ሜትር ያህል ርቀት ያለው መኪና ፊቱ ብቻ በ5 ሣ.ሜ. ከፍ ቢል፣ የመብራቱ ጨረር በ30 ሜትር ርቀት ላይ ከ50 ሣ.ሜ. በላይ ወደ ላይ ይነሣል። ይህም ከፊት የሚመጣውን ነጂ ዓይን የሚያጠፋ፣ በመንገድ ዳር የሚጓዘውንም እግረኛ የሚሰውር ነው።

ልኬት ከነጭነቱ

ባዶ ፒክአፕ ከኋላው ከፍ ብሎ ይታያል፤ እንዲህ የተሠራው ጭነት ሲጫንበት እንዲስተካከል ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ባዶውን መኪና አይቶ ፊቱን ከኋላው ጋር እኩል ቢያደርገው፣ 10 ኩንታል እህል በተጫነ ጊዜ ኋላው ይወርድና አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሣል። ከኋላ አክስል ጀርባ የሚጫን ክብደት የፊቱን ስለሚያቀልል የፊት ጎማዎች መሬቱን በሚገባ አይጨብጡም፤ መሪም ፍሬንም ይላላሉ። የክብደቱ ማዕከል ከፍ ባለ መጠንም መኪናው በጎን ተዳፋት ላይ ለመገልበጥ ይበልጥ ይቀርባል። በእህሉ ላይ ሰዎች የሚሳፈሩ ከሆነ አደጋው የከፋ ይሆናል።

ስለዚህ ከሥራው በፊትም ሆነ በኋላ መኪናው በሜዳማ ቦታ ቆሞ፣ ነዳጁ ሞልቶ፣ የጎማው ነፋስ ተስተካክሎ፣ አንድ ጊዜ ባዶውን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የተለመደ ጭነቱን ይዞ መለካት ይኖርበታል። ልኬቱ በአራቱም ጎማዎች ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ተወስዶ በመኪናው መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ለኃላፊዎችና ለመስክ ሠራተኞች

የሥራ ጥያቄው ለፊርማ ሲቀርብ ኃላፊው ቀጥሎ የተዘረዘሩትን ነጥቦች ቢጠይቅ ብዙ ኪሣራ ይድናል፦

1. የፊት አካሉ በእርግጥ ምን ያህል እንደወረደ በልኬት ታውቋልን?
2. ችግሩ የሞላ ነው ወይስ የጎማ ቁመት?
3. የማያስፈልግ ክብደት በመቀነስ ብቻ ሊቃለል አይችልምን?
4. የካስተር ማረሚያ፣ የሾክ አብዞርበር፣ የፍሬን ቱቦ፣ የአላይመንትና የመብራት ማስተካከያ ወጪ በሒሳቡ ውስጥ ተካቷልን?

አራተኛው ነጥብ ካልተሟላ ሥራው ባይጀመር ይሻላል፤ ሞላውን ቀይሮ ሌላውን ለሚቀጥለው በጀት ማስተላለፍ ነጂውን ላልታረመ መሪ አሳልፎ መስጠት ነውና።

ሥራው በመስክ ላይ መከናወን የለበትም። የታመቀ ሞላ ከመቀመጫው ቢያመልጥ ሰው ሊገድል ይችላል፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባትም እንዲሁ። የጎሚኒዎቹ ብሎኖች ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠብቁት መኪናው በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ሲሆን፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሁሉም እንደገና ይፈተሻሉ።

በዝናብ ወራት መረሬ አፈር በሚበዛበት የሰፈራ ጣቢያም ሆነ በድንጋያማው ቆላ፣ የተሳካ ጉዞ የሚለካው መኪናው ረጅም ሆኖ በመታየቱ አይደለም። እህሉን፣ መድኃኒቱንና ሠራተኛውን በደኅና አድርሶ በማግሥቱም ለሌላ ጉዞ ዝግጁ መሆኑ ነው። ሁለትና ሦስት ሣንቲ ሜትር በልክ ተጨምሮ ቀሪው ሁሉ ሲስተካከል ለዚህ ዓላማ ያገለግላል፤ ከዚያ ያለፈው ግን ከችግረኛው ድርሻ ላይ የሚወጣ ወጪ ነው።