የዘንግ ማረፊያ ከምን ይሠራ?

እስቲ ሁለት መዳፎቻችሁን አጥብቃችሁ አፋትጉ። ወዲያው ይሞቃሉ። አሁን ደግሞ ዘይት ቀብታችሁ አፋትጉ። እንደ ልብ ይንሸራተታሉ፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። አንድ ነገር በሌላ ነገር ላይ ሲፋተግ የሚይዘው ኃይል ሰበቃ ይባላል። ሰበቃ ባለበት ሙቀት አለ፤ መበላትም አለ።

በጋሪም ይኸው ነው። ዘንግ ማለት መንኮራኩሮቹን የሚይዘው ረጅም ብረት ነው። በአንዳንድ ጋሪ ዘንጉ ከመንኮራኩሮቹ ጋር አብሮ ይዞራል። በሌላው ደግሞ ዘንጉ ቆሞ መንኮራኩሮቹ ብቻ ይዞራሉ። በሁለቱም ዓይነት የሚፋተግ ቦታ አለ። ይህ ቦታ የዘንግ ማረፊያ ነው። መካኒኮች ኩሽኔታ ይሉታል።

ማረፊያው ሲበላ መንኮራኩሩ ይወላገዳል። አህያው ወይም ፈረሱ ያለ ጥቅም ይደክማል። ቀስ በቀስም ዘንጉ ራሱ ይበላል። በገበያ ቀን ዘንግ ከተሰበረ እህሉ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ማረፊያው ከምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

ጠንካራ በጠንካራ ላይ

ብዙ ሰው፣ «ሁለቱም ጠንካራ ብረት ቢሆኑ ይሻላል» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ብረቶች ዘይት ሳይኖራቸው ሲፋተጉ እዚህም እዚያም ይጣበቃሉ። ከዚያ አንዱ ሌላውን ይቦጭቃል። በመጨረሻ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዘንጉ ጠንካራ ይሁን። ማረፊያው ግን ከዘንጉ የለሰለሰና ሌላ ዓይነት ነገር ይሁን። ለምን ቢባል፣ ዘንግ ውድ ነው፤ ለመሥራትም ያስቸግራል። ማረፊያ ግን ትንሽ ነው፤ በቀላሉ ይለወጣል። ከሁለቱ አንዱ መበላቱ ካልቀረ ርካሹ ይበላ።

ከባቡር የምንማረው

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ዘመን ባቡሩን የሚጎትተው በእንፋሎት የሚሠራ መኪና ነበር። ውሃ በእሳት ይፈላል፤ እንፋሎቱም እየገፋ መንኮራኩሩን ያዞራል።

የእንፋሎት ባቡር ክብደቱ ብዙ ቶን ነው። ይህ ሁሉ ሸክም የሚያርፈው በዘንጎቹ ላይ ነው። ባቡር ሠሪዎች ዘንጉን ከጠንካራ ብረት ይሠሩት ነበር። ማረፊያውን ግን ብዙውን ጊዜ ከነሐስ ይሠሩ ነበር። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ አብረው ቀልጠው የሚገኝ ነው። ከዘንጉ ይለሰልሳል፤ ሸክም ግን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1839 አይዛክ ባቢት የተባለ አሜሪካዊ ሌላ ዘዴ አወጣ። የማረፊያውን ውስጥ በለስላሳ ነጭ ብረት ለበጠው። ይህ ነጭ ብረት አብዛኛው ቆርቆሮ ነው፤ ጥቂት መዳብና አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን አለበት። አሸዋ ቢገባ ደቃቁ ፍሬ በለስላሳው ብረት ውስጥ ይሰምጣል፤ ዘንጉን ብዙ አይፍቀውም። ዘይት አልቆ ከመጠን በላይ ቢሞቅ ደግሞ ነጩ ብረት ቀድሞ ይቀልጣል። ዘንጉ የመዳን ዕድል ያገኛል።

ይህ ሕግ ለትልቁ ባቡር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ለመዝናናት ሲሉ ትንንሽ የእንፋሎት ባቡሮችን በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ባቡሮች የሚሄዱት 127 ሚሊ ሜትር ብቻ በሚሰፋ ሐዲድ ላይ ነው። ይሁንና ሰው አሳፍረው ይጎትታሉ። በእነዚህም ብዙ ጊዜ ዘንጉ ጠንካራ ብረት፣ ማረፊያው ነሐስ ነው። ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ሰበቃ ያው ሰበቃ ነው።

ለጋሪ የትኛው ይሻላል?

1. ነሐስ፦ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ነገር ግን ውድ ነው። ዘይትም ይፈልጋል።

2. ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ብረት፦ ከነሐስ ይረክሳል። በውስጡ እንደ መጻፊያ እርሳስ ልብ ያለ ጥቁር ነገር አለ። ይህ ጥቁር ነገር ለማንሸራተት ይረዳል። ነገር ግን በኃይል ከተመታ ይሰነጠቃል።

3. ባለ ኳስ ኩሽኔታ፦ ትንንሽ የብረት ኳሶች በውስጡ ይንከባለላሉ። መንከባለል ከመፋተግ ይቀላልና ጋሪው በትንሽ ጉልበት ይሄዳል። ጠላቱ አቧራና ውሃ ነው። ክዳኑ በደንብ የተዘጋና ግራሶ ያለው መሆን አለበት። ከተበላሸ መንደር ውስጥ አይጠገንም፤ ይለወጣል እንጂ።

4. በዘይት የተነከረ እንጨት፦ ርካሽ ነው። በመንደር አናጺ ይሠራል። ቀስ ብሎ ለሚዞር ነገር፣ ለምሳሌ ለጋሪና ለጉድጓድ መዘውር ይስማማል። በፍጥነት ለሚዞር ሞተር ግን አይሆንም።

የእንጨቱ ማረፊያ አሠራር

እንደ ወይራ ያለ ጠንካራና ፍሬው የደቀቀ እንጨት ምረጡ። ስንጥቅና አንጓ አይኑርበት። በጥላ ሥር በደንብ ይድረቅ።

ለልኩ ይህን ያዙ። የማረፊያው ርዝመት ቢያንስ የዘንጉን ውፍረት ሁለት እጥፍ ይሁን። በቀዳዳው ዙሪያ የሚቀረው እንጨት ደግሞ ቢያንስ የዘንጉን ውፍረት ያህል ይሁን። ዘንጉ 25 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ማረፊያው 50 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ በየጎኑም 25 ሚሊ ሜትር እንጨት ይቀራል ማለት ነው።

ቀዳዳውን መጀመሪያ ከልኩ ጥቂት አጥብባችሁ ብሱ። ከዚያ እንጨቱን የሞተር ዘይት ውስጥ አጥልቃችሁ አሙቁት። ያገለገለ ዘይትም ይሆናል። በእንጨቱ ውስጥ የቀረው ውሃ አረፋ እየሆነ ይወጣል። አረፋው እንደ መርፌ ራስ እስኪያንስ ጠብቁ። ከዚያ እሳቱን አጥፉና እንጨቱን እዚያው ዘይቱ ውስጥ አሳድሩት። ሲቀዘቅዝ በውሃው ፋንታ ዘይቱን ይመጥጣል። በማግስቱ ቀዳዳውን በትክክለኛው ልክ አስፉት።

ተጠንቀቁ! የጋለ ዘይት በእሳት ይያያዛል። ሥራውን ከቤት ውጭ ሥሩ። ልጆችን አርቁ። ዘይቱ ከጋለ በኋላ እርጥብ እንጨት አትጨምሩበት፤ ይገነፍላል። በእሳት ከተያያዘ ውሃ ፈጽሞ አትድፉበት፤ በክዳን ወይም በደረቅ አፈር አፍኑት።

አያያዝ

የትኛውም ማረፊያ ቢሆን ያለ እንክብካቤ አይቆይም። አቧራውንና ጭቃውን ጥረጉ። በየጊዜው ዘይት ወይም ግራሶ ስጡት፤ ከጠፋም ሞራ ይረዳል። የዘይቱን መስጫ ቀዳዳ በእንጨት ውታፍ ድፈኑ። ከጉዞ በኋላ ማረፊያውን በጥንቃቄ ዳስሱ። ትኩስ ከሆነ ዘይት አንሶታል፣ ወይም ጠቦታል ማለት ነው። መንኮራኩሩ ከተወላገደ ደግሞ ማረፊያው ተበልቷል፤ ዘንጉን ሳይጎዳ ለውጡት።

ጥያቄዎች

1. ማረፊያው ከዘንጉ የለሰለሰ እንዲሆን የሚፈለገው ለምንድን ነው?
2. ነጩ ብረት አሸዋ ሲገባበት ምን ያደርጋል?
3. የዘንጋችሁ ውፍረት 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን የእንጨቱ ማረፊያ ርዝመት ቢያንስ ስንት ይሆናል?
4. በአካባቢያችሁ ለማረፊያ የሚሆን ጠንካራ እንጨት የትኛው ነው? ከአናጺው ጋር ተወያዩበት።