ለትንሽ የጎማ ጀልባ የሚስማማ ሞተር እንዴት ይመረጣል?

በሐይቅና በባሕር ላይ የሚሠራ ሰው፥ ዓሣ አጥማጅም ሆነ የዓሣ ሀብት ሠራተኛ፥ ትልቁን ጀልባ በጥልቁ ውኃ ላይ አቁሞ ሰውና ዕቃ ወደ ዳር የሚያመላልስበት አንዲት ትንሽ ጀልባ ያስፈልገዋል። በአየር የምትነፋው የጎማ ጀልባ ለዚህ አገልግሎት የተመቸች ናት፤ ተጣጥፋ በመኪና ትጫናለች፤ ሁለት ሰዎችም አንሥተው ይወስዷታል፤ ከትልቁ ጀልባ ጋር ብትጋጭም ጎኑን አትጎዳውም። ነገር ግን ቀላል በመሆኗ ነፋስ በቶሎ ይገፋታል። ማዕበል ሲነሣ በመቅዘፊያ ብቻ ተጋድሎ ወደ ዳር መድረስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ምርጫ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ከጀልባ ኋላ ላይ የሚታሰር ሞተር ለዓለም አዲስ ነገር አይደለም። በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 ይህን ዓይነት ሞተር ለገበያ አቅርቧል። በጣና ሐይቅ ግን የዓሣ አጥማጁ ዋና መሣሪያ ለብዙ ዘመን የደንገል ታንኳ ሲሆን፥ ባለሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለዓሣ ማጥመድ ሥራ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ሞተር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ነጥቦች በቅደም ተከተል ቢመረምር ይጠቀማል።

1ኛ/ የጀልባዪቱ አቅም። በጀልባዪቱ የኋላ ሳንቃ ላይ ወይም በአጠገቡ ፋብሪካው የለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። በዚህ ላይ የሚጫነው ሰው ብዛት፥ የጭነቱ ክብደትና ከፍተኛው የሞተር ጉልበት ተጽፏል። ከዚህ ልክ የሚበልጥ ሞተር የኋላ ሳንቃውን ሊገነጥል፥ አፍንጫዋንም ወደ ላይ አንሥቶ ጀልባዪቱን ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድ አስቀድሞ ይህን ጽሑፍ ማንበብ የመጀመሪያው ተግባር ነው።

2ኛ/ የሚፈለገው ፍጥነት። ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ጀልባ ውኃውን እየከፈለች ስትሄድ ፍጥነቷ በሰዓት ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ላይ ይወሰናል። ለዚህ ከ2 ተኩል እስከ 4 የፈረስ ጉልበት ይበቃል። ከዚህ ለማለፍ ከፈለገች ግን ከውኃው በላይ ተነሥታ መንሸራተት አለባት፤ ይህም ጠንካራ ወለልና 8 ወይም 10 የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል። በመካከል ያለው ጉልበት የሚያስገኘው ተጨማሪ ፍጥነት ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ነፋስንና ከባድ ጭነትን መቋቋሙ ነው። እንግዲህ ገዢው አጭር መንገድ ለማመላለስ ነው ወይስ ሩቅ ለመገሥገሥ ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት።

3ኛ/ የሐይቁ ከፍታ። ይህ ነጥብ በባሕር ዳርቻ አገሮች ብዙ የሚታሰብ አይደለም፤ ለደጋ ሐይቆች ግን ዋና ነገር ነው። አየር በከፍታ ስለሚሳሳ፥ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 ያህል ያጣል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ በፋብሪካው 5 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር በዚያ ሲሠራ የሚሰጠው 4 ያህል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ስለሚበዛ ሞተሩ ያጨሳል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። መፍትሔው ከአንድ ደረጃ ከፍ ያለ ጉልበት መምረጥና የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በባለሙያ ለከፍታው ማስለወጥ ነው። ነገር ግን ለጣና የተስተካከለው ሞተር እንዳለ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ምጽዋ ባሕር ቢወርድ ቤንዚኑ ያንሰውና ከመጠን በላይ ግሎ ሊቃጠል ስለሚችል፥ ሲወርድ እንደገና መስተካከል አለበት።

4ኛ/ የሞተሩ ዓይነት። ባለሁለት ምት ሞተር ቀላልና አሠራሩ ያልተወሳሰበ ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቀላቀል ግን ብዙ ያጨሳል፤ ብዙም ይበላል። በአሜሪካና በአውሮፓ የጭስ ሕግ በመጥበቁ አዲሱ ከገበያ የወጣ ያህል ነው፤ በአፍሪካ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል። ድብልቁ ብዙውን ጊዜ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ቢሆንም የፋብሪካውን መመሪያ መከተል ይገባል። ባለአራት ምት ሞተር ዘይቱን ለብቻው የሚይዝ፥ ድምፁ የቀነሰ፥ ቤንዚንም የሚቆጥብ ነው፤ ይሁን እንጂ ክብደት አለው። ባለ2 ተኩሉ 17 ኪሎ ግራም ያህል፥ ባለ6ቱ ደግሞ ከ25 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ሲጓጓዝም ፋብሪካው ባመለከተው ጎን ካልተጋደመ ዘይቱ ወደማይገባው ቦታ ይፈስሳል። ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራው ሲሆን፥ ጭስ የለውም፤ ከፍታም ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ነገር ግን በሙሉ ኃይሉ ሲነዳ ትንሹ ባትሪ አንድ ሰዓት ያህል እንኳ ላይቆይ ስለሚችል፥ የመብራት ኃይል በቅርብ ለሌለበት ሥራ አይመከርም።

5ኛ/ የእግሩ ርዝመት። ሞተሮች አጭር እግር፥ ማለት 38 ሴንቲ ሜትር ያህል፥ ወይም ረጅም እግር፥ ማለት 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነው ይሠራሉ። ከኋላ ሳንቃው ጫፍ እስከ ጀልባዪቱ ሆድ ድረስ ለክቶ መግዛት ያሻል። እግሩ ቢያጥር ሽክርክሪቱ አየር እየሳበ በከንቱ ይዞራል፤ ቢረዝም ደግሞ ዳር ላይ ድንጋይና ጭቃ ይመታል። ለትንንሽ የጎማ ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚስማማው አጭሩ ነው።

6ኛ/ ማቀዝቀዣው። ብዙዎቹ ሞተሮች ውኃ ከሐይቁ እየሳቡ ራሳቸውን ያቀዘቅዛሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣናን የወረረው እምቦጭ ግን የውኃ መሳቢያውን ይደፍናል፤ በሽክርክሪቱም ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ ነጂው ከሞተሩ የሚወጣውን የውኃ ጅረት ዘወትር መመልከት፥ ጅረቱ ቢቋረጥም ወዲያው ሞተሩን አጥፍቶ ማጽዳት አለበት። ከትንንሾቹ መካከል በአየር የሚቀዘቅዙ ስላሉ፥ አረም በበዛበት ውኃ እነዚህን ማሰብ ይጠቅማል። በባሕር የሠራ ሞተር ግን ጨው ውስጡን እንዳይበላው ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት።

ለምሳሌ ሁለት ሠራተኞች መረብና መሣሪያ ይዘው በዝዋይ ሐይቅ ላይ 8 ኪሎ ሜትር ሄደው ይመለሳሉ እንበል። ባለ6 የፈረስ ጉልበት ባለአራት ምት ሞተር በዚያ ከፍታ 5 ያህል ይሰጣል። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ የደርሶ መልሱ ጉዞ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በሰዓት 2 ሊትር ቢታሰብ 5 ሊትር ያህል ቤንዚን ያልቃል። አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፥ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፥ አንድ ሦስተኛ ለክፉ ቀን መያዝ ስለሚገባ፥ 7 ሊትር ተኩል ያህል ሊይዙ ይገባል። በሞተሩ ራስ ላይ ያለው ትንሽ ጋን የሚይዘው ግን ከ1 ሊትር ብዙ የማይበልጥ ነው፤ በማዕበል መካከል ቤንዚን መቅዳትም አደገኛ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው የውጭ ጋን የሚገጠምለት ሞተር መሆን አለበት።

በመጨረሻም ጥቂት ነገሮች መዘንጋት የለባቸውም። ሞተሩን የሚያጠፋው ቀይ ገመድ በነጂው እጅ ወይም እግር ላይ ይታሰር፤ ነጂው ቢወድቅ ጀልባዪቱ ትታው እንዳትሄድ ወይም ተመልሳ በሽክርክሪቷ እንዳትቆርጠው የሚያድነው ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ሰደርያ፥ ለጀልባዪቱም መቅዘፊያ፥ ትርፍ ካንዴላና የአየር መንፊያ ይያዝ። ጉማሬ ባለበት ውኃ በጎማ ጀልባ መግባት ፈጽሞ አይገባም። ሞተሩ ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነም በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይፍሰስ፤ ያረጀ ቤንዚን ቀጭኑን ቀዳዳ ይደፍናልና።

የሞተር ዋጋ በሱቅ የሚከፈለው ብቻ አይደለም። መለዋወጫው በቅርብ ከተማ የማይገኝ፥ የሚጠግነውም ባለሙያ የሌለ ከሆነ፥ ርካሹ ውድ ይሆናል። እንግዲህ ለመሥሪያ ቤት የሚገዛ ሹምም፥ በማኅበር አዋጥቶ የሚገዛ ዓሣ አጥማጅም፥ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ጀልባውን ይለካ፤ የሐይቁን ከፍታ ይጠይቅ፤ ጠጋኙንም ያማክር።