የኤክሴል ሪፖርት ወደ ክምችት ሶፍትዌር ሲገባ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የንብረትና የክምችት ምዝገባን በኮምፒዩተር የማካሄድ አሠራር ባለፉት ዓመታት እየተስፋፋ መጥቷል። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ መረጃው ወደ ሶፍትዌሩ የሚገባው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ከበታች መዋቅር ከሚላክ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ሳይመረመር የሚገባ ከሆነ ሶፍትዌሩ የተሳሳተውን ቁጥር ትክክለኛ አስመስሎ ለውሳኔ ያቀርባል። በመሆኑም የሥራው ዋና ቁም ነገር የማስገባቱ ፍጥነት ሳይሆን ከማስገባቱ በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው።

ለዚህ የመድኃኒት አቅርቦት ሥራ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ መቋቋሙ ይታወሳል። ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በሚል ስያሜ የሚሠራ ሲሆን፣ የአዳማውን ጨምሮ በአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ቅርንጫፎች አሉት። ለጤና ተቋማት የክምችት ምዝገባም ዳጉ የተሰኘው ሶፍትዌር በሥራ ላይ ውሏል።

በተቀናጀው የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት መመሪያ መሠረት ጤና ኬላ በየወሩ ለጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ደግሞ በየሁለት ወሩ የሪፖርትና የጥያቄ ቅጽ ያቀርባሉ። ጤና ጣቢያ ሊይዝ የሚገባው ከፍተኛ ክምችት የአራት ወር፣ ዝቅተኛው ደግሞ የሁለት ወር ፍጆታ ነው።

የላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ የጉዳዩን ክብደት በግልጽ ያሳያል። ሐይቁን ከሚያዋስኑት ወረዳዎች መካከል በምሥራቅ ሸዋ ዞን አዳሚ ቱሉ ጅዶ ኮምቦልቻ፣ በምዕራብ አርሲ ዞን ደግሞ አርሲ ነጌሌ ይገኙበታል። ስለሆነም የአንድ ሐይቅ ዳርቻ ነዋሪዎች የሚገለገሉባቸው ጤና ኬላዎች ሪፖርት በተለያዩ ወረዳዎች በኩል ያልፋል። አካባቢው የስምጥ ሸለቆ ቆላማ ክፍል በመሆኑ ወባ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይበረታል። በነሐሴ የተላከ የተሳሳተ ቁጥር ጉዳቱ የሚታየው በጥቅምት፣ ታማሚው መድኃኒት ፈልጎ ሲመጣ ነው።

ስሌቱን በአብነት መመልከት ይጠቅማል። አንድ ጤና ጣቢያ በሁለት ወሩ መጀመሪያ 300 የወባ መድኃኒት እሽግ ነበረው እንበል። 200 ተቀበለ፣ 20 ተበላሸበት፣ በመጨረሻም 180 ቀረው። የመነሻው ክምችት ከተቀበለው ጋር ተደምሮ፣ የተበላሸውና የቀረው ሲቀነስ ፍጆታው 300 ይሆናል። የሁለት ወሩ ፍጆታ በሁለት ሲባዛ ከፍተኛው ክምችት 600 ነው። ከዚህ ላይ በእጅ ያለው 180 ሲቀነስ የሚጠየቀው መጠን 420 ይሆናል።

አሁን የ200ው ገቢ ረድፍ ሁለት ጊዜ ገባ ቢባል፣ ፍጆታው 500፣ ጥያቄው ደግሞ 820 ሆኖ ይወጣል። ትርፉ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያልፍበታል። በተቃራኒው ያው ረድፍ ሳይገባ ቢቀር ፍጆታው 100፣ ጥያቄው 20 ብቻ ይሆናል። 420 የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ 20 ይዞ የወባውን ወቅት ይጠብቃል ማለት ነው። በሁለቱም ጊዜ ሶፍትዌሩ የደመረውና የቀነሰው በትክክል ነው፤ ስህተቱ ከገባው መረጃ የመጣ ነው።

በአገራችን ሁኔታ ቀዳሚው የስህተት ምንጭ የዘመን አቆጣጠር ነው። ኤክሴል ቀንን የሚያውቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ለማለት 12/2/2017 ተብሎ ሲጻፍ፣ እንደ ኮምፒዩተሩ አቀማመጥ የካቲት ወይም ዲሴምበር ውስጥ ያለ የአውሮፓውያን ቀን አድርጎ ይመዘግበዋል። ጥቅምት 30 ቀን 30/2/2017 ተብሎ ሲጻፍ ግን በአውሮፓውያኑ ሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። በዚህም በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። የጳጉሜ ወር 13ኛ በመሆኗ የሚፈጠረው ችግርም ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የሚደርሰው በመድኃኒት የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ላይ ነው። በማሸጊያው ላይ የሚታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ግምጃ ቤቱ ገቢና ወጪውን የሚመዘግበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በ2027 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጊዜው የሚያበቃ መድኃኒት 2027 ዓ.ም. ተብሎ ቢነበብ፣ ካለፈበት በኋላ ሰባት ዓመት ያህል ደህና ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል። በተገላቢጦሽ 2019 ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን 2019 ቢወሰድ ገና ለአገልግሎት የሚውለው መድኃኒት ይወገዳል። ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ የሚለው የግምጃ ቤት መርህም ትርጉም ያጣል። ስለዚህ የማብቂያ ቀንና የገቢ ቀን በተለያዩ ዓምዶች ሆነው በዓምዱ ርዕስ ላይ አቆጣጠሩ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ሁለተኛው ምንጭ የስም አጻጻፍ ነው። "መድኃኒት" እና "መድሃኒት" ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ናቸው። ባቱና ዝዋይ፣ አዳማና ናዝሬት በየሪፖርቱ ሲለዋወጡ አንዱ ተቋም እንደ ሁለት ይቆጠራል። በመሆኑም ዕቃም ሆነ ተቋም ሊለይ የሚገባው በስሙ ሳይሆን በማይለወጥ መለያ ቁጥር ነው። ይሁንና መለያው 00125 ከሆነ ኤክሴል ፊት ያሉትን ዜሮዎች አስወግዶ 125 ስለሚያደርገው፣ ዓምዱ አስቀድሞ የጽሑፍ ዓምድ ተብሎ መወሰን አለበት። ኤክሴል ከ15 አኃዝ በላይ ያለውን ረጅም ቁጥርም የመጨረሻ አኃዞቹን ወደ ዜሮ ይለውጣል።

ሦስተኛው የመለኪያ አሃድ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ስሌት አንድ ሳጥን 30 እሽግ ቢይዝና የቀረው 180 እሽግ "6" ሳጥን ተብሎ ቢላክ፣ ጥያቄው ከ420 ወደ 942 ያሻቅባል። አሃዱ ራሱን በቻለ ዓምድ መገለጽ የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የታዳጊ አገሮች ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 ቀን 2020 ባለው ጊዜ 15 ሺህ 841 የኮቪድ ተያዦች ከዕለታዊው ሪፖርት ሳይካተቱ መቅረታቸው ይታወሳል። ምክንያቱ ከ65 ሺህ 536 ረድፍ በላይ መያዝ የማይችል የቆየ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሥራ ላይ መዋሉ ነበር። ትርፉ ረድፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ተቆርጦ በመቅረቱ ከታማሚዎቹ ጋር የተገናኙ ሰዎችን የመከታተሉ ሥራ ዘግይቷል።

ታዲያ መደበኛው አሠራር ምን መምሰል ይኖርበታል? በቅድሚያ ሁሉም ላኪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ቅጽ ሊኖር ይገባል። የዓምዶቹ ቅደም ተከተልና ርዕስ በላኪው ፈቃድ አይለወጥም፤ የተዋሃደ ሕዋስ፣ በመሃል የገባ ድምርና በቀለም ብቻ የተገለጸ መረጃ አይፈቀድም።

ቀጥሎም ፋይሉ በቀጥታ ወደ ዋናው መዝገብ ሳይሆን ወደ ማቆያ ሠንጠረዥ መግባት አለበት። በዚያም መለያ ቁጥሩ በዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ፣ ቀኑ ከሪፖርቱ ዘመን አለመውጣቱ፣ መጠኑም ከዜሮ በታች አለመሆኑ ይጣራል። መስፈርቱን ያላሟላው ረድፍ ከነምክንያቱ ለላኪው ይመለሳል።

ድግግሞሽን ለመከላከል ለእያንዳንዱ ረድፍ መታወቂያ ያስፈልጋል። የሞዴል 19 ወይም የሞዴል 22 ቁጥር፣ የዕቃው መለያና የምርት መለያ ቁጥሩ አንድ ላይ ሆነው ይህን ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። ያው መታወቂያ ዳግም ሲመጣ ሶፍትዌሩ አይደምረውም። የሚላከው ቁጥር የወቅቱ ቀሪ ይሁን ወይስ የገቢና ወጪ እንቅስቃሴ አስቀድሞ መወሰኑም የግድ ነው። ቀሪ የቀድሞውን ይተካል፤ እንቅስቃሴ ግን በቀድሞው ላይ ይደመራል ወይም ይቀነሳል። ሁለቱ ከተምታቱ መዝገቡ ከመደርደሪያው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

በመጨረሻም በፋይሉ የነበረው የረድፍ ብዛትና ጠቅላላ ድምር፣ ከገባውና ከተመለሰው ድምር ጋር መመሳከር አለበት። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ፋይል እንዳስገባ ተመዝግቦ የተወሰኑ ዕቃዎች ቀሪም ከቢን ካርድና በአካል ከተቆጠረው ክምችት ጋር ይነጻጸራል። ይህን የማጽደቅ ኃላፊነት ለኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም። ንብረቱን የሚያውቀው የግምጃ ቤት ኃላፊና ጥያቄውን የሚፈርመው የሥራ መሪ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ምርመራው ከሥራ ጊዜ ላይ የተወሰነ ሰዓት መውሰዱ አይቀርም። ሆኖም 20 እና 420ን ለመለየት የሚወስደው ጊዜ፣ በላንጋኖ ዳርቻ ያለ ጤና ኬላ በወባ ወቅት ባዶ መደርደሪያ ይዞ ከሚጠብቅበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው።