ኮምፒዩተሩ ተርፎ ምሥጢሩ ሲወጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ለመስክ ሠራተኞቹ ላፕቶፖች ሊገዛ አስቦ የጨረታ ሰነዱን በሕግ ዓይን እንዳይለት ጠይቆኝ ነበር። ሠራተኞቹ ከወረዳ ወረዳ እየዞሩ የአርሶ አደሩን ስም፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ የመሬቱን ስፋትና የስልክ ቁጥሩን የሚመዘግቡ ናቸው። የቴክኒክ ዝርዝሩ ብቻ ስድስት ገጽ ነበር። ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ እንዳይሰበር፣ አቧራ እንዳያስገባ፣ ዝናብ ቢመታው እንዳይበላሽ፣ ባትሪው ውሎ እንዲያድር። የማላውቀውን ቴክኒክ ትቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ «ቢሰረቅስ?» የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ፈገግ ብለው «አይስጉ፣ ኢንሹራንስ አለው» አሉኝ።

ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የላፕቶፑን ዋጋ ነው። የአርሶ አደሩን ስም ግን ከሌባ እጅ የሚመልስ ኢንሹራንስ የለም። የዚያን ቀን ስብሰባ ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ፤ እኔ ግን ነገሩ ስላልወጣልኝ የሙያው ሰዎች የሆኑ ወዳጆቼን እየጠየቅሁ፣ ያገኘሁትንም እያነበብሁ ቆየሁ። ለአንባቢ የማካፍለው ከዚያ የተረዳሁትን ነው።

ለውትድርናና ለመስክ ሥራ ተብለው የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች አዲስ ነገር አይደሉም። ፓናሶኒክ «ተፍቡክ» የተባሉትን ላፕቶፖቹን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሻጮች ሁሉ የሚጠሩት አንድ ስም አለ፣ «ሚል ስታንዳርድ 810»። የአሜሪካ ጦር የሚገዛቸው ዕቃዎች ሙቀትን፣ ቅዝቃዜን፣ ንዝረትን፣ አቧራንና መውደቅን መቻላቸው የሚፈተንበት የዘዴዎች ስብስብ ሲሆን፣ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ሕግ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ሰነዱ የፈተና ዘዴ እንጂ የምስክር ወረቀት አይደለም። «ይህ ዕቃ አልፏል» ብሎ ማኅተም የሚያሳርፍ መሥሪያ ቤት የለም፤ አምራቹ ራሱ ወይም እሱ የቀጠረው ላቦራቶሪ ፈትኖ ያውጃል። በታወቀው የመውደቅ ፈተና ዕቃው ከ122 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 26 ጊዜ ይጣላል። ነገር ግን 26ቱን መውደቅ እስከ አምስት ለሚደርሱ ተመሳሳይ ዕቃዎች ማከፋፈል ይፈቀዳል። እናም በጨረታ ሰነድ ላይ «ወታደራዊ ደረጃ ያለው» ብሎ መጻፍ ክርክር ቢነሳ ምንም አያስጨብጥም። የትኛው ፈተና፣ በየትኛው ዕትም፣ በማን ተፈተነ የሚለው ካልተጻፈ ገዢው የሚሟገትበት ነገር የለውም።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ መመዘኛ የዕቃውን ጥንካሬ እንጂ የመረጃውን ምሥጢራዊነት አይለካም። ኮምፒዩተሩ ይተርፋል። ተርፎ በማን እጅ እንደሚገባ የመመዘኛው ጉዳይ አይደለም።

ጀርመኖች ይህን በራሳቸው ላይ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጂ ዳታ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ ባለሙያዎች ከኢቤይ ገበያ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ በ90 ዩሮ ገዙ። አምሬል የተባለው ኩባንያ የሠራው፣ አምስት ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ የጀርመን ጦር ሲገለገልበት የነበረ ኮምፒዩተር ነው። ዊንዶውስ 2000 ያለ ምንም የይለፍ ቃል ተከፈተላቸው። ውስጡ «ኦዜሎት» የተባለው የአየር መከላከያ ሚሳይል ተሽከርካሪ አሠራር ሰነድ ተቀምጧል፤ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ እንዴት እንደሚወድም የሚገልጸውም ጭምር። ሰነዱን የያዘው ፕሮግራም የይለፍ ቃል ነበረው፤ ቃሉ ግን «ጌስት» ማለትም «እንግዳ» ነበር። በእርግጥ እንግዳ ገባ! መከላከያ ሚኒስቴሩ ኮምፒዩተሮቹ ሲወገዱ መረጃው እንዲጠፋ ታዝዞ እንደነበርና በአወጋገዱ ላይ ስህተት ተፈጽሞ ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ሰነዱ ዝቅተኛውን የምሥጢር ደረጃ የያዘ ነው መባሉ ጥቂት አጽናንቷቸው ይሆናል። እኔ የሚገርመኝ ግን የላፕቶፑ ጤንነት ነው። ያን ያህል ዓመት አገልግሎ፣ ተጥሎ፣ ተሽጦ፣ ሲበራ ሠራ። ጥንካሬው ራሱ ምሥጢሩን አሳልፎ ሰጠ።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? አንድ መሐንዲስ ወዳጄ እንዲህ አስረዳኝ። የይለፍ ቃል በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፤ ሌባው ግን በበሩ አይገባም፣ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካዋል። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ራሱ ወደማይነበብ ኮድ መለወጥ አለበት። ኢንክሪፕሽን የሚሉት ይህን ነው። ቁልፉ በኮምፒዩተሩ እናት ቦርድ ላይ ባለች አንዲት ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቺፗም ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሳ ሠራተኛው የሚያስገባውን ምሥጢር ቁጥር ካላገኘች ቁልፉን አትሰጥም። ቁጥሩ ካልተጠየቀና ቁልፉ በራሱ ከተለቀቀ ግን ጥበቃው ግማሽ ነው። ላፕቶፑን ሳያጠፉ ክዳኑን ብቻ ዘግቶ ቦርሳ ውስጥ መክተትም እንዲሁ ነው። ቁልፉ በማስታወሻው ውስጥ እንደነቃ ይቆያልና። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 የማስታወሻውን ቺፕ በማቀዝቀዝ ብቻ ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ቁልፉን ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህን ስሰማ የራሴን ላፕቶፕ ልማድ ዓሰብሁና አፈርሁ።

ለጦር ሠራዊት የሚሠሩት ደግሞ ሌላ ጥቅም አላቸው። ብዙዎቹ ዲስካቸው በእጅ ተስቦ ይወጣል፤ መኮንኑ ኮምፒዩተሩን ትቶ ዲስኩን በኪሱ ይዞ መሄድ ይችላል። መረጃውን ራሱ የሚመሰጥር ዲስክ ሲሆን ደግሞ አጠፋፉ ይቀላል። ቁልፉ ከተደመሰሰ የቀረው ሁሉ ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው፤ የሚወስደውም የሰከንዶች ጊዜ ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያውቁት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2001 ከቻይና ተዋጊ ጄት ጋር ተጋጭቶ ሃይናን ደሴት ላይ ለማረፍ የተገደደው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ሠራተኞች ናቸው። 24ቱ ሰዎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሣሪያውን ለማጥፋት መጥረቢያ ያዙ፣ ትኩስ ቡናም በላዩ ደፉበት። ቡና ብዙ ጥቅም እንዳለው እናውቃለን፤ ለዚህ ግን አይበቃም።

እስካሁን የጠቀስኋቸው የመንግሥታት ምሥጢሮች ናቸው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ነው። በጀርመን ካዮስ ኮምፒዩተር ክለብ አባላት የሆኑ ተመራማሪዎች የአሜሪካ ጦር የሰው አሻራና የዓይን ብሌን ይመዘግብባቸው የነበሩ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎችን ከዚያው ከኢቤይ ገዙ። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 እንደዘገበው፣ በ68 ዶላር የተገዛው አንዱ መሣሪያ የ2,632 ሰዎችን ስም፣ ዜግነት፣ ፎቶግራፍ፣ አሻራና የዓይን ብሌን ይዞ ተገኝቷል። ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2012 በካንዳሃር አካባቢ ነው። መረጃው አልተመሰጠረም ነበር። ከተመዘገቡት ውስጥ ከአሜሪካኖቹ ጋር የሠሩ ይገኙበታል። ታሊባን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ይህ ዝርዝር በእጁ ቢገባ ምን ሊከተል እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም።

በእኛ አገር የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰብሮ የሚገባውን ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ በሩን ክፍት አድርጎ የተወውንም ይጠይቃል። የሰው መረጃ የያዘ አካል ተገቢውን ጥበቃ የማድረግ ግዴታ አለበት። «ሌባው ነው ጥፋተኛው» የሚለው መከራከሪያ ከእንግዲህ ብቻውን አያድንም።

ሰነዱ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ እኔ ሲመጣ ሦስት አንቀጾች ጨመርሁበት። አንደኛው ዲስኩ በሙሉ እንዲመሰጠርና ሲነሳ ምሥጢር ቁጥር እንዲጠየቅ፣ ሁለተኛው ዲስኩ ያለ መፍቻ እንዲወጣ፣ ሦስተኛው ኮምፒዩተሮቹ ሲያረጁ ዲስኮቹ ሳይወድሙ በጨረታ እንዳይሸጡ የሚሉ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ኮሚቴው ትንሽ ዋጋ ይጨምራሉ ብሎ ካጉረመረመ በኋላ ተቀበላቸው። ሦስተኛውን ሰረዘው። «ንብረት ማስወገድ የእኛ ሥራ አይደለም፣ የንብረት ክፍል ነው» ተባልሁ። ንብረት ክፍል ሄጄ ጠየቅሁ። መጋዘኑ ጥግ ላይ የቆዩ ላፕቶፖች ተደርድረው ነበር፤ ቀጣዩን ሐራጅ የሚጠብቁ ናቸው።