ፊርማ ያለው ቀዳዳ

ድራይቨር የሚታወሰው ፕሪንተር አልታዘዝ ሲል ብቻ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ የሚዘነጋው የሚሠራበት ቦታ ነው። አብዛኛው ድራይቨር የሚሠራው ከርነል ውስጥ፣ የኮምፒውተሩ ሥልጣን ሁሉ በተከማቸበት ስፍራ ነው። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ራሱ ይዘጋል፤ የከርነል ድራይቨር ሲሳሳት ዊንዶውስን ይዞ ይወድቃል። ከመውደቁ የሚከፋው ግን ሳይወድቅ፣ ያዘዘው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ የተባለውን ሁሉ ሲፈጽም ነው።

የዴል ኩባንያ ዲቢዩቲል 2.3 እንዲህ ያለ ታዛዥ ነበር። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ሶፍትዌር) ሲታደስ የሚያግዝ ድራይቨር ሲሆን፣ ከ2009 ጀምሮ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲሠራጭ ኖሯል። ድራይቨሩ ሥራ ላይ ባለበት ኮምፒውተር ማንኛውም ፕሮግራም፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ባይኖረው እንኳ፣ ትእዛዝ ሊልክለት ይችላል፤ እሱም የተጠቆመለትን የሚሞሪ አድራሻ ያነባል፣ ይጽፍበታልም። ሴንቲነል ላብስ የተባለው የምርምር ቡድን በ2021 ጉዳዩን ይፋ ሲያወጣ፣ ሲቪኢ-2021-21551 በሚል አንድ ቁጥር ሥር አምስት ስህተቶች ተመዘገቡ። ዴልም ማስተካከያ አወጣ።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያበቃ ይመስለዋል። «ዴል የለኝም» ይላል አንዱ፤ «አድሼዋለሁ» ይላል ሌላው። ሁለቱም ቀዳዳው ያለው ድራይቨሩ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንደሆነ ቆጥረዋል። ላዛረስ የሚባለው የጠላፊዎች ቡድን ግን በዚያው ዓመት መጸው በኔዘርላንድስ የሚገኝ የአንድ የኤሮስፔስ ኩባንያ ሠራተኛንና በቤልጅየም የሚኖር የፖለቲካ ጋዜጠኛን ሲያጠቃ ድራይቨሩን ራሱ ይዞ መጣ። ኢሴት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች በ2022 እንዳስረዱት፣ ጠላፊዎቹ በዚህ ፋይል በኩል ከርነል ውስጥ ገብተው ዊንዶውስ በውስጡ የሚካሄደውን የሚከታተልባቸውን ሰባት መንገዶች ዘጉ። ዊንዶውስ ፋይሉን ያስገባው ትክክለኛ ፊርማ ስላለው ነው። ፊርማ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው፦ ደብዳቤው ከየት እንደወጣ ይናገራል እንጂ የያዘው ሐሳብ ትክክል ስለመሆኑ አይመሰክርም። አዲሱ ድራይቨር መውጣቱም የአሮጌውን ፊርማ አልሻረም።

«ድራይቨር ለመጫን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ያ በእጁ የገባ ጠላፊ ሌላ ምን ቀረው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፋይሉ ከውጭ ሲመጣ ሥልጣኑ በእርግጥ ያስፈልጋል። መልሱ ግን በጠላፊዎቹ አድራጎት ውስጥ አለ፤ የቀራቸው ነገር ባይኖር ኖሮ የዴልን ፋይል ተሸክመው ባልመጡ ነበር። ዘመናዊ ጸረ ቫይረስ አስተዳዳሪው ራሱ በቀላሉ እንዳያጠፋው ተደርጎ ይሠራል፤ ከከርነል ለሚመጣ እጅ ግን መከላከያው ጥቂት ነው። «ታዲያ ፊርማው ለምን አይሻርም?» ለሚለው ደግሞ፣ በአንድ ሰርተፊኬት ብዙ ድራይቨሮች ስለሚፈረሙ መሻሩ ጤነኞቹንም ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ የተሻለው መፍትሔ የታወቁትን ጉድለኛ ፋይሎች አንድ በአንድ የሚያግድ ዝርዝር ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ዝርዝር ከዊንዶውስ 11 የ2022 እድሳት ጀምሮ ያለ ተጠቃሚው ትእዛዝ እንዲሠራ አድርጎታል። ዝርዝሩ አዲስ የሚገኝ ቀዳዳን ቀድሞ አያውቅም፤ ይህ ጉድለቱ ነው። ያም ሆኖ ዝርዝሩን የሚያጠፋ ሰው የከርነሉን በር ያላላል።

ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈቱ፤ ኮር አይሶሌሽን በሚለው ገጽ ላይ የጉድለኛ ድራይቨሮች እገዳ መብራቱን አረጋግጡ። ዴል የምትጠቀሙ ደግሞ አሮጌውን የዲቢዩቲል ፋይል አጥፉት፤ ኩባንያው ራሱ የሰጠው ምክር ይኸው ነው።